ሠራተኞች ኤአይን በሥራቸው እንዲለምዱት መርዳት፦ ከሥልጠናው በፊት የሚመለሰው ጥያቄ

ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ወዲህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በተለምዶ ኤአይ የምንለው፣ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ወሬ መሆኑ ቀርቷል። የሒሳብ ሠራተኛውም፣ የጸሐፊዋም፣ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛውም ጉዳይ ሆኗል። በየመሥሪያ ቤቱ የሚታየው ነገር ግን ይመሳሰላል። ኃላፊው ስብሰባ ጠርቶ «ከእንግዲህ በኤአይ እንሠራለን» ይላል፤ የግማሽ ቀን ሥልጠና ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ከፊሉ ሠራተኛ አይነካውም፣ ከፊሉ ደግሞ በስልኩ ተደብቆ ይጠቀምበታል። የሁለቱም መነሻ አንድ ነው። አንደኛው ሥራዬን ይነጥቀኛል ብሎ ይሸሸዋል፤ ሌላኛው «ማሽን ከሠራው አንተ ለምን ይከፈልሃል?» እንዳይባል ይደብቀዋል።

ስለዚህ ከሥልጠናው በፊት መመለስ ያለበት የእንጀራ ጥያቄ ነው። አሠሪው የትኛው ሥራ እንደሚቀየር፣ የሚቀነስ ሰው ይኖር እንደሆነ፣ በመሣሪያው የተረፈው ሰዓት ለምን እንደሚውል የሚያውቀውን ያህል ይናገር። የማያውቀውን አላውቅም ይበል። «ማንም አይነካም» ብሎ ከወራት በኋላ ሰው የሚያሰናብት ድርጅት፣ የቀሩት ሠራተኞች የሚያውቁትን ሁሉ እንዲደብቁ ያስተምራቸዋል።

ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለታችን አይደለም። ነገሩን ከሁሉ በተሻለ የሚያሳየን በእውነተኛ የሥራ ቦታ ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ነው። ኤሪክ ብሪንዮልፍሰን፣ ዳንየል ሊ እና ሊንዚ ሬይመንድ የተባሉ በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ያደረጉት ይህ ጥናት፣ ለአንድ ትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ የሚሠሩ ከ5,000 በላይ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞችን ተከታትሏል። አብዛኞቹ የሚሠሩት ፊሊፒንስ ሆነው ነው። ሥራቸው ከደንበኛው ጋር በጽሑፍ እየተመላለሱ የገጠመውን ችግር መፍታት ነው። ኤአዩ ለደንበኛው በቀጥታ አይመልስም፤ በሠራተኛው ስክሪን ላይ ብቻ «እንዲህ ብትለው» የሚል ሐሳብ ያቀርባል። ሠራተኛው ሐሳቡን መውሰድ፣ ማስተካከል ወይም መተው ይችላል።

በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚፈቱ ጉዳዮች በአማካይ በ14 በመቶ ጨመሩ። አማካዩ ግን ዋናውን ነገር ይሸፍነዋል። አዲስ ገቢዎችና ደከም ያሉ ሠራተኞች ላይ ጭማሪው 34 በመቶ ደረሰ፤ ነባሮቹና ጎበዞቹ ላይ ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አልታየም። በኤአይ የታገዘ የሁለት ወር ሠራተኛ፣ ያለ ኤአይ ከስድስት ወር በላይ የሠራን ሰው ያህል ሆነ። የደንበኞች ንግግርም ለስለስ አለ፤ «አለቃህን አገናኘኝ» የሚሉትም ቀነሱ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ኤአዩ ከሰማይ ያወረደው ጥበብ የለም። የተማረው ከራሳቸው ከሠራተኞቹ የቀድሞ ምልልስ፣ በተለይም ከጎበዞቹ ነው። አንድ ጎበዝ ሠራተኛ በጊዜ ብዛት ያካበተውን አነጋገር፣ የችግሩን ሥር ቶሎ የሚያገኝበትን አጠያየቅ መሣሪያው ወስዶ ለጀማሪው አቀበለው። ለጀማሪው ትልቅ ጸጋ ነው። ጎበዙ ሠራተኛስ? እውቀቱ ለሌላው ተላለፈ፤ ከባልደረቦቹ የሚለይበት ብልጫ ጠበበ፤ ክፍያው በብልጫው ላይ የተመሠረተ ከሆነ ደግሞ ሊጎዳም ይችላል። ላበረከተው ነገር ምን ይከፈለው የሚለውን ጥያቄ አጥኚዎቹ ራሳቸው አንስተውታል።

በእኛ እይታ ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። «ነባሮቹ ለውጥ ይጠላሉ» ይባላል። ነባሩ ሠራተኛ ግን ብዙ ጊዜ ሒሳቡን በትክክል ሠርቶታል፤ ከመሣሪያው የሚያተርፈው ትንሽ ነው፣ የሚያጣው ይበልጣል። ይህን ሰው ምክርም ግሳጼም አይመልሰውም። የሚመልሰው የእውቀቱ ዋጋ መታወቁ ነው። ኤአዩ የሚያወጣውን መልስ የሚመዝን እርሱ ይሁን፤ ጀማሪዎችን የሚያሠለጥንበት ሰዓት ከመደበኛ ሥራው ላይ ይቀነስለት፤ ደመወዙ ላይም የሚታይ ነገር ይኑር። ምስጋና ብቻውን አይበቃም።

ጥናቱ ያሳየው አንድ ደስ የሚል ነገርም አለ። መሣሪያው በብልሽት በተቋረጠባቸው ጊዜያት፣ ቀደም ብለው ሲጠቀሙበት የቆዩት ሠራተኞች ያለ እርሱም ከድሯቸው የተሻለ ሠርተዋል። ተምረውበታል እንጂ ተደግፈውት ብቻ አልቀሩም ማለት ነው።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይሆንም። በዚያው ዓመት በቦስተን ኮንሰልቲንግ ግሩፕ 758 አማካሪዎች ላይ በተደረገ ሌላ ሙከራ፣ ኤአይ በሚችለው ዓይነት ሥራ ላይ የተጠቀሙበት ሰዎች 25 በመቶ ያህል ፈጥነው ጨረሱ፤ የሥራቸው ጥራትም ከፍ አለ። ሆን ተብሎ ኤአይ የሚሳሳትበት ሆኖ በተመረጠ ሥራ ላይ ግን፣ ያለ ኤአይ ከሠሩት 84 በመቶ የሚሆኑት ትክክለኛውን መልስ ሲያገኙ፣ በኤአይ ከሠሩት ያገኙት ከ60 እስከ 70 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስህተቱ አምሮና ተውቦ ስለሚመጣ የተማረውንም ሰው ያታልላል። በኒውዮርክ ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ ጨርሶ የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው በመከራከራቸው እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ከቢሯቸው ጋር የ5,000 ዶላር ቅጣት ተጥሎባቸዋል።

ወደ እኛ ሥራ ስናመጣው፣ ከወለድ ነጻ የባንክ አገልግሎት መስኮት ላይ የሚሠራ ወንድማችንን እናስብ። ሙራበሃ በጠቅላላው ምን ማለት እንደሆነ ቢጠይቀው ኤአይ ደህና መልስ ሊሰጠው ይችላል። የራሱ ባንክ ውል ምን እንደሚል፣ የባንኩ የሸሪዓ አማካሪዎች ምን እንደወሰኑ ግን አያውቅም፤ አላውቅም ከማለት ይልቅም እውነት የሚመስል ነገር ሊፈጥር ይችላል። በዚህ ላይ በአማርኛ ሲጠየቅ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ደከም ይላል። የሰዓት አቆጣጠራችንም ሊያምታታው ይችላል፤ የጠዋት «ሦስት ሰዓት» ቀጠሮን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቢያደርገው አይግረመን። ለደንበኛው የሚሄደውን ደብዳቤ የሚፈርመው ሠራተኛው ነውና፣ ከመፈረሙ በፊት መልሶ የሚያነብበት ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። «በኤአይ ፈጥነህ ጨርስ» እየተባለ የማረሚያው ሰዓት ከተወሰደበት ለስህተቱ እርሱን ብቻ መጠየቅ ፍትሕ አይደለም።

በሥልጠና ላይ ቶሎ የሚታለፈው ሌላው ነገር የአማና ጉዳይ ነው። የደንበኛ ስምና የሒሳብ ቁጥር፣ የታማሚ ምርመራ ውጤት፣ የተማሪ ውጤት፣ የባልደረባ ደመወዝ በእጃችን ያሉ የሰው አደራዎች ናቸው። በነጻ የሚሰጡ የኤአይ አገልግሎቶች የምናስገባውን ጽሑፍ መሣሪያውን መልሰው ለማሠልጠን ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ሳምሰንግ፣ ሠራተኞቹ የኩባንያውን ምስጢራዊ የፕሮግራም ኮድ ቻትጂፒቲ ላይ ማስገባታቸውን ካወቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2023 በእንዲህ ዓይነት መሣሪያዎች ላይ እገዳ ጥሎ ነበር። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ስለዚህ «ተጠንቀቁ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ምን ሊገባ እንደሚችል፣ ምን ፈጽሞ እንደማይገባ፣ በየትኛው የመሥሪያ ቤቱ አካውንት መጠቀም እንደሚገባ በአንድ ገጽ አማርኛ ተጽፎ ለሁሉም ይሰጥ። እስከዛሬ በድብቅ ሲጠቀም የነበረ ሰው ራሱ መጥቶ ቢናገር አይቀጣ፤ የትኛው ሥራ ላይ እንደጠቀመው ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነው።

ሥልጠናውን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። እያንዳንዱ ሠራተኛ በየሳምንቱ የሚያሰለቸውን አንድ ሥራ ይዞ ይምጣ፦ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ተመሳሳይ ደብዳቤዎች፣ የኤክሴል ቀመር። በዚያ በአንዱ ሥራ ላይ ብቻ ሁለት ሳምንት ይሞክር። ጊዜው ከሥራ ሰዓት ላይ ይሁን እንጂ ከእረፍት ሰዓቱ ላይ አይወሰድበት። ጁምዓ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሥልጠና ጠርቶ «ግማሹ ሠራተኛ ፍላጎት የለውም» ማለትም አያስኬድም። ለኮምፒውተር አዲስ የሆነ ሰው ከወጣት ባልደረባው ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ ይሻላል፤ ወጣቱ መሣሪያውን ያሳየዋል፣ እርሱ ደግሞ መልሱ የት ላይ እንደተሳሳተ ለወጣቱ ያሳየዋል።

ከሦስት ወር በኋላ ማን መጠቀሙን እንደተወው፣ ለምን እንደተወው ይጠየቅ። መልሱ «ለማረም የሚፈጅብኝ ጊዜ ራሴ ከምጽፈው ይበልጣል» ከሆነ፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ አብሮ ማየት ነው። ልክ ሆኖ ከተገኘ ያ ሥራ በድሮው መንገድ ይቀጥል።