አጋዘኑ የማን ነው?

አስር ሳንቲማችን ላይ ያለው እንስሳ ምንድነው? እዚህ ሰሚት ተማሪዎቼን ስጠይቅ ብዙዎቹ «ሚዳቋ» ይሉኛል። አይደለም፣ የደጋ አጋዘን ነው። ኒያላ የምንለው። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ሳይንስ የመዘገበውም እ.ኤ.አ. በ1910፣ አንድ እንግሊዛዊ አዳኝ ከገደለው በኋላ ነው።

በ1962 ዓ.ም. የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቋቋም አንዱ ዓላማ እሱን ማትረፍ ነበር። ግን ሕጉ ሁለት መልክ ነበረው። ከፓርኩ ውጪ በተከለለ የአደን ቦታ ፈረንጁ በዶላር ፈቃድ አውጥቶ ቀንዱን ይዞ ይሄዳል። አጋዘኑ ማሳው የሚገባበት ገበሬ ቢገድል ግን ወንጀለኛ ነው።

በ1983 ደርግ ሲወድቅ ጥበቃው ላላ። ዲንሾ አካባቢ ብዙ አጋዘን አለቀ። ለምን? በኔ ግምት ሰዉ አጋዘኑን የራሱ ሳይሆን የመንግሥት ንብረት አድርጎ ስላየው ነው።

ክርክሩ ዛሬም አለ። አንዱ «አደን ጭራሽ ይከልከል» ይላል። ሌላው «ያረጀው ወንድ በኮታ ይታደን፣ ገንዘቡ ለጥበቃ ይዋል» ይላል። የ1999 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 541ም በፈቃድ ማደንን ፈቅዷል።

የኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ከዚያ ገንዘብ ለጎረቤቱ ገበሬ ምን ይደርሰዋል? ምንም ካልደረሰው፣ ሕጉ የሚቆየው ዘበኛው እስካለ ድረስ ብቻ ነው። 1983 ያስተማረን ይሄንን ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?