የባትሊ እንደራሴ የጆ ኮክስ ዜና ዕረፍት

በ2008 ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ሰኔ በ9ኛው ቀን፣ በዕለተ ሐሙስ፣ በእንግሊዝ አገር በዮርክሽር አውራጃ የባትሊና ስፔን እንደራሴ ወይዘሮ ጆ ኮክስ በነፍሰ ገዳይ እጅ ወደቁ። ወራቱ የጠብ ወራት ነበር። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ የሚለው ሕዝበ ውሳኔ ሊደረግ ሰባት ቀን ቀርቶት ነበርና አገሩ በሁለት ተከፍሎ ይነታረክ ነበር። ትውጣ ባዩ የዩኪፕ ፓርቲ መሪ ናይጀል ፋራጅ ረጅም የስደተኞች ሰልፍ የሚታይበትን ማስታወቂያ የገለጠው በዚያው ዕለት ጠዋት ነው።

እኚህ ሴት ሰኔ 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በዚያው በባትሊ ተወለዱ። ከቤተሰባቸው ቀድሞ ማንም ያልረገጠውን የዩኒቨርሲቲ ደጅ አልፈው በካምብሪጅ ተማሩ፤ ቀጥሎም በኦክስፋም የእርዳታ ድርጅት ሠሩ። ሚያዝያ 29 ቀን 2007 ዓ.ም. በሌበር ፓርቲ ተመርጠው ምክር ቤት ገቡ። በመጀመሪያ ንግግራቸው የአገራቸው ልጆች ከሚለያያቸው የሚያመሳስላቸው እንደሚበዛ ተናገሩ። ይህን የሚል እንደራሴ ብዙ ነው፤ እርሳቸው ግን ከተቃራኒው ወገን፣ ከወግ አጥባቂው አንድሩ ሚቸል ጋር ሆነው ስለ ሶርያ የተቋቋመውን የእንደራሴዎች ጉባኤ በጋራ ይመሩ ነበር።

ያን ዕለት በምርጫ ክልላቸው ወዳለችው በርስቶል የመጡት የመራጮቻቸውን አቤቱታ ሊሰሙ ነው። በዚያ አገር እንደራሴ ለዚህ ጉዳይ ያለ ዘብ መቀመጡ የቆየ ልማድ ነበር። 7 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አቤቱታ ወደሚሰሙበት ቤተ መጻሕፍት ሲያመሩ አድብቶ የቆየ ሰው ተኮሰባቸው፣ በጩቤም ወጋቸው። ሊያድናቸው የደረሰ የ77 ዓመት ሽማግሌም ተወጋ፤ ኋላ የጆርጅ ሜዳሊያ ተሸለመ። እርሳቸው ግን ሰዓት ሳይሞላ ዐረፉ፤ ባልና ሁለት ሕፃናት ተዉ። ገዳዩ የነጭ ዘር የበላይነትን የሚያመልክ ነበር፤ በኅዳር 2009 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞቱ ከእስር እንዳይወጣ ተፈረደበት።

ወሬው በተሰማ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ቅስቀሳቸውን አቆሙ። በማግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ካሜሮንና የተቃዋሚዎች መሪ ጄረሚ ኮርቢን አብረው በርስቶል ድረስ ሄደው አበባ አኖሩ። ሣልስቱ እንደ ወጣ ግን፣ እሑድ ቀን፣ ክርክሩ እንደገና ተጀመረ። ሰኞ ለዕረፍት የተበተነው ምክር ቤት ለኀዘን ተጠራ። በሟቿ ወንበር ላይ ሁለት ጽጌረዳ ተቀመጠ፦ አንዱ ነጭ፣ የዮርክሽር ምልክት፤ ሁለተኛው ቀይ፣ የሌበር ምልክት። ከዚያም እንደራሴዎቹ ከየወገናቸው ተቀላቅለው ወደ ቅድስት ማርጋሬት ቤተ ክርስቲያን በእግር ሄዱ። ሰኔ 15፣ ሟቿ 42 ዓመት ይሞላቸው በነበረው ቀን፣ መኖሪያቸው በቴምዝ ወንዝ ላይ በጀልባ ነበርና አበባ የሞላች ጀልባ ወደ ምክር ቤቱ ተጓዘች። በማግሥቱ ሕዝቡ ድምፁን ሰጠ፤ 52 ከመቶው እንውጣ አለ።

ወንበሩን ለመሙላት ጥቅምት 10 ቀን 2009 ዓ.ም. ማሟያ ምርጫ ሲደረግ ከሌበር ሌላ ያሉት ትልልቅ ፓርቲዎች ለሟቿ ክብር ሲሉ ዕጩ አላቀረቡም። የሌበሯ ትሬሲ ብሬቢን ከመቶ 85 የሚበልጠውን ድምፅ ወሰደች፤ ሌሎቹ ዘጠኝ ተወዳዳሪዎች ሁሉ መያዣ ገንዘባቸውን አጡ። የፓርቲዎቹ ሥራ የጨዋ ሥራ ነው፤ ዋጋው ግን በመራጩ ላይ ወደቀ። የሚመርጠው ስላጣ ብዙው ከቤቱ አልወጣም፤ ድምፅ የሰጠው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው።

ብሬቢን የምዕራብ ዮርክሽር ከንቲባ ሆና ወንበሩን በለቀቀች ጊዜ የሟቿ እኅት ኪም ሌድቢተር ተወዳደረች። በዚህ ጊዜ መንገድ የለቀቀላት የለም፤ ሰኔ 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ያሸነፈችው በ323 ድምፅ ብቻ ነው። አራት ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የወግ አጥባቂው እንደራሴ ሰር ዴቪድ ኤሜስ በሊ-ኦን-ሲ እንዲሁ የመራጮቻቸውን አቤቱታ ሲሰሙ በጩቤ ተገደሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦሪስ ጆንሰንና የተቃዋሚዎች መሪ ኪር ስታርመር አብረው አበባ አኖሩ፤ ሊ-ኦን-ሲ የምትገኝባት ሳውዝኤንድም የከተማነት ማዕረግ ተሰጣት፤ ሟቹ ለብዙ ዘመን የለመኑት ይህን ነበር። ወንበራቸውን ለመሙላት ጥር 26 ቀን በተደረገው ማሟያ ምርጫም ሌበር በተራው ዕጩ ሳያቀርብ ቀረ።