ዳመና የሸፈነው ተራራ

አይሮፕላን ወደቀ በተባለ ጊዜ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። ነገር ግን አንዳች ጉድለት የሌለበት አይሮፕላን፣ ሞተሩ በደኅና እየሠራ፣ ነጂውም መሪውን እንደ ጨበጠ፣ በጉም ከተሸፈነ ተራራ ጋር የሚጋጭበት ጊዜ አለ። ይህ ዓይነቱ አደጋ አነስተኛ አይሮፕላኖችን እጅግ ጎድቷል፤ በአገራችንም ደርሷል።

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ የፍልሰታ ጾም በገባበት ሰኞ፣ ቱዊን ኦተር የተባለ ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን 16 ሰዎች ይዞ ከአዲስ አበባ ተነሣ። መድረሻው በጋምቤላ የሚገኘው የፉኝዶ የስደተኞች ሠፈር ነበር። በዚያም ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው፣ ብዙዎቹ ያለ እናትና አባት፣ በእግራቸው የመጡ ልጆች ተጠልለው ነበር። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የአሜሪካ የሕዝብ እንደራሴ ሚኪ ሊላንድ ነበሩ፤ እኒህም ሰው በ1976 ዓ.ም. በምክር ቤታቸው የረኃብን ጉዳይ የሚከታተል ኮሚቴ እንዲቋቋም አድርገው ሊቀ መንበሩ የሆኑ፣ ወደ ኢትዮጵያም ደጋግመው የመጡ ናቸው። አይሮፕላኑ ፉኝዶ ሳይደርስ ቀረ።

ከአዲስ አበባ ወደዚያ የሚበር ሰው የምዕራቡን ደጋ ተሻግሮ ወደ ጋምቤላ ቆላ ይወርዳል። በክረምት ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥብ አየር ያን ዳገት ሲወጣ ይበርዳል፤ ሲበርድም ዳመና ይሆናል። ስለዚህ ዳመናው ይልቁንም የሚተኛው በተራራው ትከሻ ላይ ነው። በዐይኑ እያየ የሚበር ነጂ መሬቱን እንዳያጣ ከዳመናው በታች ዝቅ ይላል፤ መሬቱ ግን ከፊቱ ከፍ ይላል። የከፍታ መለኪያውም ቢሆን የአየሩን ግፊት ለክቶ ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ ያሳየዋል እንጂ፣ ፊት ለፊት ተራራ መኖሩን አይነግረውም። ሸለቆው ከጠበበ ደግሞ ለመዞር እንኳ ስፍራ አይገኝም።

ፍለጋው እስከ ነሐሴ 7 ቀን ቆየ። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያና የአሜሪካ መንግሥታት ግንኙነት የሻከረ ነበር፤ ሆኖም የአሜሪካ የጦር አይሮፕላኖችና ሔሊኮፕተሮች ገብተው እንዲፈልጉ ተፈቀደ። ይህ በጊዜው ቀላል ነገር አልነበረም። ስብርባሪው በተራራ ላይ በተገኘ ጊዜ ከ16ቱ አንድም የተረፈ አልነበረም።

የመሬትን መቃረብ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ከዚያ በፊትም በትላልቅ አይሮፕላኖች ላይ ነበር፤ ሆኖም ወደ ታች እንጂ ወደ ፊት አያይም ነበርና ቀጥ ብሎ ለቆመ ተራራ ማስጠንቀቂያው ይዘገያል። ይህን ያሻሻሉት በካናዳ የተወለዱት መሐንዲስ ዶን ቤትማን ናቸው። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ በምስጢር ተይዘው የነበሩ የዓለም ካርታዎቿ ለሽያጭ ቀረቡ፤ እርሳቸውና ባልደረቦቻቸውም ገዝተው ተራሮቹን ሁሉ በመሣሪያው ውስጥ አስገቡ። ከዚህ በኋላ መሣሪያው ያለበትን ስፍራ ከካርታው ጋር እያስተያየ፣ ገና ያልታየውን ተራራ አስቀድሞ ለነጂው የሚናገር ሆነ። አገልግሎት ላይ የዋለው በ1996 እ.ኤ.አ. ግድም፣ ማለት ከፉኝዶው ጉዞ ሰባት ዓመት ያህል በኋላ ነው፤ ወደ ትናንሾቹ አይሮፕላኖች የደረሰውም ከዚያ ዘግይቶ ነው።