ዜና ወይን ዘምድረ ኒውዚላንድ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1819 ዓመት፣ ሴፕቴምበር 25 ቀን፣ ቄስ ሳሙኤል ማርስደን ከአውስትራሊያ ተሻግሮ በሰሜኑ ደሴት በኬሪኬሪ መቶ ያህል የወይን ግንድ ተከለ። የኒውዚላንድ ወይን መጀመሪያው ይህ ነው።

ከእርሱም በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት እንደራሴ ጄምስ በስቢ በዋይታንጊ ተከለ፤ ወይን ጠጅም ጣለ። በ1840 ባሕር አቋርጦ የመጣው ፈረንሳዊው ዱሞን ዱርቪል ቀምሶ አመሰገነው። በ1851ም የፈረንሳይ ሚሲዮናውያን በሆክስ ቤይ ለቅዳሴያቸው የሚሆን ወይን ተከሉ።

በ1895 ሮሜዮ ብራጋቶ የሚባል የወይን ዐዋቂ አገሩን ከደቡብ ወደ ሰሜን ዞረ። የኦታጎን ምድር አይቶ ለወይን የተመቸ ነው አለ። በሰሜንም የግንዱን ሥር የሚያደርቅ ፊሎክሴራ የሚባል ተባይ አገኘ፤ በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ እያጣበቁ እንዲተክሉ መከረ። በ1909 ግን ኒውዚላንድን ለቆ ሄደ።

ስለ ማርልቦሮ አውራጃ ግን አስፍተን እንናገር። በዚያ ያለው የዋይራው ሸለቆ የበግ መሰማሪያ ነበር። ምድሩ ወንዝ የተወው ጠጠር፣ ቀኑ ብሩህ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። ቀኑ ፍሬውን ያበስላል፤ ብርዱ ኮምጣጣነቱንና መዓዛውን ይጠብቅለታል። ይህን ሳያስተውሉ ብዙዎች ለወይን ይበርዳል አሉ። የሞንታና ኩባንያ መሪ ፍራንክ ዩኪች ግን መሬቱን ገዛ፤ ቦርዱ ሲያመነታ ቀብዱን ከኪሱ ከፈለ ይባላል። በ1973 ኦገስት 24 ቀንም የመጀመሪያው ግንድ ተተከለ። በዚያው በጋ ብዙው በድርቅ ጠፋ፤ እነርሱ ግን ደግመው ተከሉ። በ1975 ሶቪኞን ብላን የሚባለውን የወይን ዘር አመጡ፤ በ1979 ጠጁ ተጣለ። መዓዛው እንደ አዲስ የታጨደ ሣር ነበር፤ በሩቅ አገርም ስሙ ተሰማ።

በ1986 ወይን ጠጅ ከገበያው በላይ በዛ፤ ዋጋው ወደቀ። መንግሥትም ግንዱን ለነቀለ በሄክታር 6,175 ዶላር ከፈለ። ያን ጊዜ ሙለር ቱርጋው የሚባል የወይን ዘር በብዛት ከሥሩ ተነቀለ። ገበሬ የገዛ ተክሉን በገዛ እጁ መንቀሉ ከባድ ነው፤ ስፍራው ግን ለሶቪኞን ብላን ተለቀቀ።

በሆክስ ቤይም ንጋሩሮሮ ወንዝ በ1867 ሞልቶ መውረጃውን ቀይሮ ነበርና፣ በተወው ጠጠር ላይ በኋላ ሲራና ሜርሎ የሚባሉ የወይን ዘሮች በቀሉ።

በማዕከላዊ ኦታጎ፣ ተራራው በረዶ በሚለብስበት በጊብስተን፣ አላን ብሬዲ የሚባል ሰው ፒኖ ኑዋር የሚባለውን የወይን ዘር ተከለ። ወይን ጠጁም በ1987 ተጣለ፤ ብራጋቶ ያን ምድር ካመሰገነ 92 ዓመት ሆኖት ነበር።