ሐይቅ እስጢፋኖስ፤ የወጣት መናንያን መነሻ ሰፈር

ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ በተነሣ ቍጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የነገሥታት ነገር ነው። ዐፄ ይኩኖ አምላክ በ1270 መንግሥቱን ሲይዙ አባ ኢየሱስ ሞዓ እንደ ረዷቸው፣ ንጉሡም በምላሹ ለገዳሙ ርስትና ክብር እንደ ሰጡ፣ አበምኔቱም ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ታላቅ ሥልጣን እንዳገኘ በየመጽሐፉ ይነበባል። እኔ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁት ግን ሌላ ነገር ነው። ይኸውም በደሴቲቱ ላይ ተሰብስበው የነበሩት ወጣቶች ኑሯቸው ምን ይመስል እንደ ነበረና ከዚያስ ተነሥተው ወደ ሩቅ አገር የሄዱት በምን ተዘጋጅተው እንደ ሆነ ነው። በእኔ አስተያየት ሐይቅ መድረሻ ብቻ ሳይሆን መነሻ ሰፈር ነበር፤ የሰፈሩንም ሥራ ያሰመረው ከንጉሥ ስጦታ ይልቅ የዕለት ኑሮው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ወለል ከ1,900 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ገዳሙ ያለበት ምድር ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘ ሲሆን በጥንት ዘመን ግን ዙሪያውን በውሃ የተከበበ ደሴት ነበር። ከሰሜን ወደ ሸዋ የሚወርደው መንገድም በአቅራቢያው ያልፋል። እነዚህ ሁለት ነገሮች፣ ማለት ውሃውና መንገዱ፣ ለነገራችን እጅግ አስፈላጊዎች ናቸው። ውሃው ወጣቱን ከዓለም ይለየዋል፤ መንገዱ ደግሞ መልሶ ወደ ዓለም ይልከዋል።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በትግራይ በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ ዘንድ ከተማሩ በኋላ በ1248 ገደማ ወደ ሐይቅ መጡ። በደሴቲቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በፊት ነበረ፤ ትውፊትም የመጀመሪያውን መተከል ወደ ንጉሥ ድል ነዓድ ዘመን ይወስደዋል። ይሁን እንጂ በዚያ የነበረው ማኅበር ሥርዓተ ምንኵስናን የያዘ አልነበረም። ገዳምና ትምህርት ቤት ያደረጉት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። ከዚያ ቀደም ከዐማራና ከሸዋ የተነሣ ወጣት ከፍ ያለ የገዳም ትምህርት ቢሻ እስከ ትግራይ ድረስ መጓዝ፣ ከዚያም የደብረ ዳሞን አምባ በገመድ መውጣት ነበረበት። አሁን ግን መምህሩ ወደ ደቡብ ቀርበው ተገኙ። ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ ይህን የቦታ መቅረብ አጕልተው ማሳየታቸው ተገቢ ነው።

ወደ ደሴቲቱ መሻገር ራሱ ፈተና ነበረ። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ሐይቅ አይቶ ጽፎአል። መነኮሳቱ ብዙ እንደ ነበሩ፣ ብርቱካንና ሎሚ ትርንጎም በብዛት እንደ ነበራቸው፣ ከውሃውም ውስጥ ጕማሬ እንደሚገኝ ይናገራል። የሚሻገሩበት ከቄጠማ የታሰረ ታንኳ ሲሆን እንዳይሰጥም ትልልቅ ቅሎች ይታሰሩበት ነበር። አልቫሬዝ የመጣው ከኢየሱስ ሞዓ ሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ዘግይቶ ስለ ሆነ ምስክርነቱን በቀጥታ ወደ ኋላ መውሰድ አይገባም። ነገር ግን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከዚያ የተሻለ መሻገሪያ ነበረ ብሎ የሚያስብ ያለ አይመስለኝም። እንግዲህ አንድ የ20 ዓመት ጐልማሳ ጕማሬ ባለበት ውሃ ላይ በቄጠማ ተቀምጦ ሲሻገር፣ ወደ ኋላ መመለስ ቀላል አለመሆኑን ገና ከመግባቱ ያውቀዋል ማለት ነው።

ከተሻገረ በኋላ የሚጠብቀው በመጀመሪያ ሥራ ነው። ማኅበር ሲበዛ እህል መፈጨት፣ ውሃ መቀዳት፣ እንጨት መለቀም አለበት፤ በደሴቲቱም ሴት ስለማትገባ በቤቱ የእናቱና የእኅቶቹ የነበረውን ሥራ ሁሉ ወጣቱ በገዛ እጁ ይሠራዋል። ስለዚህ ጕዳይ ከሁሉ ይልቅ ግልጥ የሆነው ትረካ የሚገኘው በኋላ ዘመን፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ማለቂያ ገደማ፣ በሐይቅ ስለ ተማሩት ስለ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በሚነገረው ታሪክ ነው። የቤተ መንግሥት ካህን ልጅ ሲሆኑ፣ ትምህርት አልገባ ብሏቸው ለብዙ ዓመታት በወፍጮ ቤት እህል እየፈጩ ማኅበሩን እንዳገለገሉ ይተረካል። ትረካው የሚያተኵረው በኋላ በእመቤታችን አማላጅነት በተገለጠላቸው ዕውቀት ላይ ነው፤ የታሪክ ተማሪ ግን ወፍጮውን ሊያልፈው አይገባም። በዘመኑ የጌታ ልጅ መጅ ጨብጦ ድንጋይ ላይ መጐንበሱ ትልቅ ነገር ነው። ከተለያየ አገርና ከተለያየ ወገን የመጡ ወጣቶች አንድ ማኅበር የሆኑት በስብከት ብቻ ሳይሆን እንዲህ ባለው ሥራ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ሥራ መጽሐፍ ነበረ። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት ወንጌል በ1280/81 የተጻፈ ሲሆን ዘመናቸው በርግጥ ከታወቁት የግእዝ መጻሕፍት ሁሉ ጥንታዊው ነው። ለአንድ እንዲህ ላለ መጽሐፍ የሚጠፋውን ድካም እናስበው። ቆዳው ይዘፈዘፋል፤ በመወጠሪያ ላይ ይወጠራል፤ ሥጋውና ጠጕሩ ተፍቆ ይለሰልሳል፤ ከደረቀም በኋላ ተቈርጦ ይሰመራል። ቀለሙ ከጥቀርሻ ይበጠበጣል፤ ብርዑም ከመቃ ይቀረጻል። ብራናውን የሚፍቀው ሁልጊዜ ቁም ጸሐፊው አይደለም፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ እጅ ነው። እንግዲህ ሰፈሩ ስንቅ ያዘጋጅ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ወደ ሩቅ አገር ሄዶ ቤተ ክርስቲያን የሚተክል ሰው ያለ ወንጌልና ያለ ዳዊት ምን ይዞ ይሄዳል?

ስለ ወጡትም ጥቂት እንናገር። ከሁሉ የታወቁት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ገድላቸው እንደሚለው በሐይቅ ዐሥር ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ፤ ከዚያም ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ሸዋ ተመልሰው ደብረ አስቦን፣ በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን፣ መሠረቱ። ሌላው አባ ኂሩተ አምላክ ወደ ምዕራብ ተጕዘው በጣና ሐይቅ የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም እንደ መሠረቱ ይነገራል። ከሐይቅ ደሴት ተነሥቶ በሌላ ሐይቅ ሌላ ደሴት መፈለግ፣ ስሙንም ደግሞ እስጢፋኖስ ብሎ መጥራት፣ የቀድሞው ሰፈር ከልብ እንዳልወጣ ያሳያል። ማን ለማን ቆብ ሰጠ በሚለው ነገር ግን የሐይቅና የደብረ ሊባኖስ ወገኖች ተከራክረዋል። የደብረ ሊባኖስ ትውፊት ተክለ ሃይማኖት ቆብና አስኬማን ከአባ ዮሐኒ ተቀብለው ለቀድሞ መምህራቸው ለኢየሱስ ሞዓ እንደ ሰጡ ይተርካል። እኔ በዚህ ክርክር የምፈርድ አይደለሁም፤ ይሁን እንጂ ክርክሩ ራሱ ገድላቱ የተጻፉት ዘግይተው መሆኑንና ስለ ክብር ሲሉ ብዙ የዕለት ኑሮ ነገር ሳይጽፉ ማለፋቸውን ያስረዳል።

እነዚህን ወጣቶች በጎ ፈቃደኞች ማለት ይቻላልን? በመጀመሪያው ትውልድ ይቻላል እላለሁ። ወደ ሐይቅ እንዲመጡ ያዘዛቸው የለም፤ ሲወጡም አብዛኞቹ የሄዱት ወደሚያውቁት ወይም ራሳቸው ወደ መረጡት አገር ነው። ከሁለት ትውልድ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1337 ከመጡት ከጳጳሱ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር የደብረ አስቦው አባ ፊልጶስ ተማክረው ለ12 መምህራን ለእያንዳንዳቸው አገር ደለደሉ፤ ታዴዎስ ለጽላልሽ፣ ማትያስ ለፈጠጋር፣ ዮሴፍ ለእናርያ ተሾሙ። ይህ የሆነው ዐፄ ዐምደ ጽዮን (1314–1344) በጦር ኃይል ግዛታቸውን ወደ ደቡብ ባሰፉበት ዘመን መሆኑን መርሳት አይገባም። ሰባኪው ከወታደሩ ኋላ ሲመጣ በአገሬው ዓይን ፊት በፈቃዱ የመጣ እንግዳ ሆኖ አይታይም። በ1964 የተጀመረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ከዲግሪው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት በላከ ጊዜም፣ በፈቃድ መሄድና ተደልድሎ መሄድ አንድ አለመሆኑን ያን ጊዜ የተላኩት ሊመሰክሩ ይችላሉ።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1293 ዐረፉ። በ1531 የኢማም አሕመድ ሠራዊት ሐይቅን በያዘ ጊዜ የገዳሙ ሀብት ተዘረፈ፤ የ1280/81ዱ ወንጌል ግን ተርፎ እስከ ዘመናችን ደርሶአል፤ በማይክሮፊልምም ተነሥቶአል። በውስጡ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕል ይገኛል። ብራናውን የፋቁት ልጆች ግን አልተሣሉም።