ከንጆሮ እስከ ቁሉምሳ፦ የስንዴ ዋግና የማያልቀው ምርምር

በትርጉም ሥራ ላይ የሚገኝ ሰው በአንዳንድ ቃላት ፊት ቆም ማለቱ አይቀርም። እንግሊዝኛው የስንዴን በሽታ የሚጠራው ብረትን በሚበላው ዝገት ስም ነው፤ አማርኛ ግን «ዋግ» የሚል ራሱን የቻለ ስም አለው። ስም ያወጣ ገበሬ ጠላቱን ያውቃል። የቀድሞው የደጋ ገበሬ ልዩ ልዩ ዓይነት ስንዴ አደባልቆ ይዘራ ስለነበር፣ ዋግ አንዱን ቢመታው ሌላው ይተርፍለት ነበር። ዘመናዊው ምርምር ግን አንድ ምርጥ ዝርያ በሰፊው እንዲዘራ አደረገ። ምርቱ ጨመረ፤ አደጋውም አብሮ ጨመረ።

በምሥራቅ አፍሪካ የዚህ ታሪክ አንዱ መነሻ የኬንያዋ ንጆሮ ናት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሰፋሪ ሎርድ ደላሜር በዚያ የዘሩትን ስንዴ ዋግ ስላጠፋባቸው፣ በራሳቸው ወጪ ባለሙያ ቀጥረው ዝርያ ማዳቀል አስጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1927 በዚያው ስፍራ የዕፅዋት ማዳቀያ ጣቢያ ተቋቋመ።

እ.ኤ.አ. በ1944 ወደ ሜክሲኮ የሄዱት አሜሪካዊው ኖርማን ቦርሎግም የገጠማቸው ይኸው የግንድ ዋግ ነበር። ያዳቀሏቸው ዝርያዎች በሽታውን ተቋቁመው በእስያ ጭምር ብዙ ሕዝብ በመመገባቸው በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ፣ ራይ ከተባለው የብርድ አገር እህል ወደ ስንዴ የተዛወረ አንድ ዘረ መል በዓለም ዙሪያ ተስፋፋ። የግንድ ዋግ ነገር ያበቃለት መሰለ።

ያላበቃለት መሆኑ የታወቀው በእኛው አካባቢ ነው። በ1998 ዊልያም ዋጎይሬ የተባሉ ኡጋንዳዊ ተመራማሪ፣ ያንኑ ዘረ መል በያዘ ስንዴ ላይ የግንድ ዋግ አዩ። በቀጣዩ ዓመት ማንነቱ ተለይቶ «ዩጂ 99» የተባለው ይህ ዘር በ2003 ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘ፤ በ2006 ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ደረሰ። ዋግ የሚዛመተው ነፋስ በሚወስደው ብናኝ ስለሆነ ኬላ አያግደውም። ቦርሎግ ዘጠና ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ በ2005፣ ናይሮቢ ላይ የማስጠንቀቂያውን ደወል ከደወሉት አንዱ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ንጆሮ ከብዙ አገሮች የሚላክ ስንዴ በየዓመቱ በዋግ የሚፈተንበት ማሳ ሆነች። ለማካሮኒ ስንዴ ደግሞ የደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል።

የኢትዮጵያ ገበሬዎች የደረሰባቸው ግን እጥፍ ፈተና ነው። በ2010 ቢጫ ዋግ በሰፊው ይዘራ የነበረውን «ኩብሳ» የተባለ ዝርያ ክፉኛ መታው። ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው «ዲገሉ» ዞረ። ይህም ከሦስት ዓመት በላይ አላዘለቀውም፤ በ2013 ከዩጂ 99 የተለየ ሌላ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ተነሥቶ የዲገሉን ማሳ አጠፋ። አንዳንዱ ገበሬ የሚያጭደው ነገር እንኳ አልተረፈለትም። ዘር ለመግዛት የተበደረ ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያጣው የዓመት ቀለቡን ብቻ አይደለም፤ በምርምር ላይ የነበረውን እምነትም ጭምር ነው።

ጥፋቱ የምርምሩ መኖር ሳይሆን መዘግየቱና በአንድ ዝርያ ላይ መደገፉ ነው። አንድ ዘረ መል በአንድ ቁልፍ የተዘጋ በር ማለት ነው፤ ዋግ ቁልፉን ያገኘ ዕለት ሁሉም ማሳ ይከፈትለታል። ስለዚህ በቁሉምሳም በንጆሮም ያሉ ተመራማሪዎች፣ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚከላከሉ በርካታ ዘረ መሎችን በአንድ ስንዴ ላይ ማሰባሰብን መርጠዋል። እንዲህ ያለው ስንዴ ዋግ ጨርሶ አይነካው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በሽታው ቀስ ስለሚልበት ፍሬ ይሰጣል። ገበሬውም ከአንድ በላይ ዝርያ እንዲዘራ ይመከራል። ምክሩ አደባልቀው ይዘሩ ለነበሩት አባቶቻችን እንግዳ አይሆንባቸውም ነበር።