የሁለት ዘመናዊ ሠዓልያን የአሳሳል ተመሳሳይነት

ረቂቅ ሥዕልን በኢትዮጵያ ካስተዋወቁት ሠዓልያን ግንባር ቀደሞቹ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን ናቸው። ገብረ ክርስቶስ በ1932 እ.ኤ.አ. በሐረር ተወልደው በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ተማሩ፤ እስክንድር በ1937 በአዲስ አበባ ተወልደው በለንደንና በፓሪስ ተማሩ። ሁለቱም ወደ አገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምረዋል።

ሥራቸው ጎን ለጎን ሲታይ፣ ሁለቱም የዓይንን እውነት ከመገልበጥ ይልቅ ቀለምና ቅርጽ ራሳቸው እንዲናገሩ ማድረጋቸው ይታያል። ስለዚህ «የአውሮፓ ቅጂ ነው» የሚል ፍርድ ይሰማል። ነገሩ ሲመረመር ግን ፍርዱ አይጸናም። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊም ጥላንና ርቀትን አልተከተለም። የገብረ ክርስቶስ አባት አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር፤ እስክንድርም የክታብን ጠልሰም ወደ ሸራ አምጥተዋል። በአርሲ ደጋ ሴቶች በሚሰፉት ሰፌድና መሶብ ላይስ የማንንም መልክ ሳይይዝ ዓይን የሚያረካ ቅርጽ አይታይምን?

ሆኖም መመሳሰል አንድ መሆን አይደለም። ገብረ ክርስቶስ በ1963 በሣሉት «ጎልጎታ» የሰውን ሥቃይ በቀይ ቀለም ሲገልጹ፣ እስክንድር በ1964 «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» በተባለው ሥዕላቸው ወደ ሕልምና ወደ መናፍስት ዓለም ወሰዱን። የጋራቸው ሰዋስው እንጂ ንግግሩ አይደለም።